አስተናጋጇ በእንግዳ ቦታ

መርማሪዋ ደረጃውን ጨርሳ ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ የሟቿ ድምፅ ተቀበላት።

«እንኳን ደህና መጡ። ሰው አገር የሚሄድ ሰው ከሻንጣው በፊት አመሉን ያሰናዳ። ደጃፉ ላይ ጫማዎን ያውልቁ። ሳይጋበዙ አይቀመጡ። የቀረበልዎን አይግፉ፤ ፊትዎንም አያጨፍግጉ።»

ድምፁ የሚወጣው ከጣሪያው ሥር ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው። ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል፣ አድማጩን ሁሉ እንደ ልጅ የሚያባብል የሴት ድምፅ። ባለድምፅዋ ግን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለው ክፍል ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ሞታ ተቀምጣለች።

«ይኼን የሚያጠፋ ሰው ጠፋ?» አለች መርማሪዋ።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ አቀረቀረ። «ማጥፊያው የባለቤቱ ቢሮ ውስጥ ነው፣ አለቃ። ቢሮው ይቆለፋል፤ ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ደንበኛ እንዳይደናገጥ ይቀጥል ብለዋል።»

«እህቱ ሞታ የሚጨነቀው ለደንበኛ ነው? ሂድና አስጠፋው! እምቢ ካለ ገመዱን በጥስልኝ።»

ቤቱ የጉዞ ወኪል ነው። ባሕር ማዶ ወዳለች አንዲት አገር ለሽርሽር የሚሄዱ ሰዎችን ትኬት ይቆርጥላቸዋል፤ ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ የዚያን አገር ሥርዓት ያስተምራቸዋል። እንዲህ ያለ ትምህርት የሚሸጥ ቤት ሞልቷል፤ አብዛኛው የሚሸጠው ግን መሽቆጥቆጥን ነው። እንዲህ ጎንበስ በሉ፣ እንዲህ ፈገግ በሉ፣ ከዚያ የሰውን ኑሮ እንደ ገበያ ዕቃ ፎቶ አንስታችሁ ተመለሱ ይላል። ሟቿ ከዚህ ቅሌት ነፃ ነበረች። ወጣትነቷን እዚያ አገር ያሳለፈች፣ ሥርዓቱን ከሰዎቹ እጅ የተማረች ሴት ናት። ሠራተኞቹ «እትዬ ሥርዓት» ይሏት ነበር፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ከኋላዋ በፌዝ።

የሞተችበት ክፍል የዚያን አገር እንግዳ መቀበያ አስመስለው የሠሩት የልምምድ ክፍል ነው። መሀሉ ላይ አንድ ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ ወዲህና ወዲያ ሁለት ትራስ። በሩ አጠገብ ያለው ትራስ የአስተናጋጅ ነው፤ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ያለው የእንግዳ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ዓይኗን በሩ ላይ እንደተከለች ነው የሞተችው። ሰው እስኪገባ የምትጠብቅ ትመስላለች። መርማሪዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ በትዕግሥት የሚጠብቅ ግን አጋጥሟት አያውቅም። ሳታስበው ከዓይኗ መንገድ ገለል አለች።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ሲኒ አለ፤ እስከ አተላው ተጨልጧል። ከጎኑ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ። ጥግ ላይ ካለው ትንሽ ምድጃ የወረደ ማንቆርቆሪያ ወለሉ ላይ ቀዝቅዟል።

«የራሷ የልብ መድኃኒት ነው» አለ ሐኪሙ። «ተፈጭቶ፣ ተበጥብጦ። የሞተችው እዚሁ ነው፤ ማንም አላንቀሳቀሳትም።»

«ሳታውቅ አጠጥተዋት ቢሆንስ?»

«ይኼን? ሐሞት በይው። የቀመሰ ሰው ይተፋዋል እንጂ አይጨልጠውም። ጭረት የለባት፣ የታገላት የለ። ፈቅዳ ነው የጠጣችው።»

«ፈቅዳ» አለች መርማሪዋ ቃሉን እያላመጠች፤ ወደ በሩም ተመለሰች። እዚያ ባለ ሁለት ደርብ የጫማ መደርደሪያ አለ። የላይኛው ደርብ ላይ አንድ ጥንድ ጥቁር የሴት ጫማ ተስተካክሎ ተቀምጧል። የሟቿ ነበር።

የሟቿን ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ለአቅመ ትዳር የደረሰች፣ ቤቷን የያዘች ሴት ናት፤ ያን ሰዓት ግን ከትምህርት ቤት የሚወስዳት ያጣች ሕፃን ትመስል ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ቀና ሳትል።

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «በምን?»

«በአፌ። ሠርጌ ላይ የመጣችው እንግዳ ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ መንገደኛ ስታስተምር አርፍዳ። ትናንት እዚህ መጥቼ ያንን አነሳሁባት። 'ለባዕድ ሁሉ ትሕትና ታስተምሪያለሽ፤ እኔን አንድ ቀን ይቅርታ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ድምፅሽ እንደሆነ ተቀድቷል፤ ከእንግዲህ ለማን ትጠቅሚያለሽ?' አልኳት። ጮኼ ነው የተናገርኩት።»

«እሷስ?»

«ዝም አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።» ፊቷን ሸፈነች። «ራሷን አጥፍታ ከሆነ እኔ ነኝ። እባክዎ፣ የከፋ ቢሆንም እውነቱን ይንገሩኝ። እንዲህ ሆኜ ወደ ቤቴ መግባት አልችልም።»

«የዚያን አገር ሥርዓት አስተምራሻለች?»

«'ነይ ላስተምርሽ' ስትለኝ እምቢ አልኩ። እናቴን የነጠቀኝን ነገር ልማር?»

የወኪሉ ባለቤት የሟቿ ታናሽ ወንድም ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ትኬት» ይለዋል። ግድግዳው በባሕር ዳርቻ ፎቶ በተሸፈነ ቢሮው ውስጥ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ተቀበላት።

«መልአክ ነበረች፣ የኔ እመቤት፣ መልአክ! ማሳጠር ግን አታውቅም። ትምህርቷን ስትቀዳልኝ ማቆሚያ አልነበራትም። ማን ይሰማዋል? ራሴ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳምጬ ቆራረጥኩት። ለባለሙያ ከፍዬ ልከስር?»

«ምን ምኑን ቆረጡት?»

«የሚያሰለቸውን ነዋ! ሐዘን፣ ፀብ፣ ምናምን። ሰው የሚከፍለኝ ለሽርሽር ነው፤ ለስብከት አይደለም።»

«ሥርዓቱን እርስዎስ ያውቁታል?»

ሳቀ። እህቱ በሞተች ዕለት ሳቀ። «እኔ? ከጠረጴዛዬ ወጥቼ አላውቅ! ጫማ ማውለቅ ግዴታ መሆኑን የማስታውሰው ካልሲዬ የተቀደደ ቀን ነው።»

«ሰሞኑን ከእሷ ጋር አለመግባባት ነበራችሁ?»

«ከእኔ ጋር? ኧረ ከልጇ ጋር! ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷን አያስጨንቋት እንጂ… እህቴ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነችም።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ሰው ለእህቱ ልጅ አዝኖ ሲናገር ደስ ይላል፤ እያዘነ ወንጀሉን አብሮ ሲያሸክማት ግን ሌላ ነገር ነው።

በወኪሉ የደንበኞች መቀበያ ውስጥ ጥቁር የለበሰች ሴት ቁጭ ብላለች። በቤቱ ትኬት ከባሏ ጋር ሄዳ ብቻዋን የተመለሰች መንገደኛ ናት።

«እዚያ ባሕሩ ይሸሻል» አለች መበለቲቱ። «ሲሸሽ አሸዋው ይገለጣል፤ ያምራል። ባሌ 'ፎቶ አንሺኝ' ብሎ ገባ። እየሳቀ ነበር። አሸዋው ዋጠው። ፎቶው አለኝ፤ አላየውም። ማታ ማታ ግን እሱ ያየኛል።»

«እዚህ ለምን መጡ?»

«ለምን አልነገረችንም ብዬ ነዋ! ትናንት መጥቼ ጮህኩባት። ፊቷ አመድ ሆነ። 'ተናግሬያለሁ፤ አሸዋውን አትርገጡ ብዬ በድምፄ ተናግሬያለሁ' አለች። 'ታዲያ ማስጠንቀቂያው የት ሄደ?' ስላት፣ 'ነገ ተመለሺ፤ በመንገደኞቹ ሁሉ ፊት እናገራለሁ' አለችኝ። መጣሁ። ይኸው።»

መርማሪዋ ውኃ አቀረበችላት። ሴትዮዋ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ቀረች።

«ባሌ የጠፋ ዕለት ወደ ዳርቻው ያደረሰን ባለጀልባ ቤቱ ወሰደኝ» አለች። «'ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ' እያለ አለቀሰ። ጫማዬን በእጁ አንስቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖረው፤ የክብር እንግዳ ቦታ ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ መራራ ቅጠል አፍልቶ ያለ ስኳር ሰጠኝ። አንድ ሲኒ ብቻ። እሱ አልጠጣም። አስተርጓሚው 'ይቅርታ እየጠየቀሽ ነው፤ ይቅር ካልሽው ፊትሽን ሳታጨፈግጊ ጨልጪው፣ ካላልሽው ተዪው' አለኝ።»

«ምን አደረጉ?»

«ጨለጥኩት። ምሬቱ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።»

መርማሪዋ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለቻት። ከዚያ ተነስታ የሟቿን ምክትል ፈለገች።

ምክትሉ ለሁሉ ነገር እሺ የሚል፣ «አቶ እሺ» የሚሉት ጎልማሳ ነው።

«እትዬ ሥርዓት ስታስተምር የት ትቀመጥ ነበር?»

«እሺ፣ ሁልጊዜ በአስተናጋጅ ቦታ። ጫማዋም ታችኛው ደርብ ላይ፤ የላይኛው የእንግዳ ነው። የእንግዳን ጫማ የሚያነሳው አስተናጋጁ ነው።»

«ሲኒስ?»

«ሁለት ነዋ፣ እመቤቴ። እንግዳን ብቻውን ማጠጣት ነውር ነው።»

«በዚያ አገር ሰው ሲበደል እንዴት ነው ይቅርታ የሚጠየቀው?»

አቶ እሺ ግራ ገባው። «እሱ… እሺ፣ ትምህርቱ ውስጥ የለም። እኔ የተማርኩት ከቅጂው ነው። ፈገግ ማለት ይበቃ ይሆን?»

«ዛሬ ጠዋት እንግዳ ነገር አላየህም?»

«አላየሁም። ሰማሁ እንጂ። ማለቴ መስማት አቆምኩ። የእትዬ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ጆሯችን ላይ ነው፤ ጠዋት ድንገት ጭጭ አለ። ሰውነቴን ወረረኝ፤ የሆነ ሰው የሞተ መሰለኝ። ቆይቶ ተመልሶ ሲመጣ 'ተመስገን፣ ደህና ናት' አልኩ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ለካ ያን ጊዜ ነው።»

መርማሪዋ አራቱንም ወደ ልምምድ ክፍሉ ጠራቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ የእንግዳው ትራስ ግን እንደጎደጎደ ነው። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ገባ፤ በዚያ ትራስ ላይ ለመቀመጥ ግን የደፈረ የለም። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

«ሐኪሙ ፈቅዳ ጠጣችው አለ» ብላ ጀመረች። «ልክ ነው። ሰው ፈቅዶ መራራ የሚጠጣው ሊሞት ሲፈልግ ብቻ ነው ብሎ ማሰቡ ነው ስሕተቱ። ጫማዋን ተመልከቱ። ላይኛው ደርብ ላይ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ታችኛው ላይ ያኖረች ሴት ዛሬ በገዛ እጇ ላይኛው ላይ አታወጣውም። ሌላ ሰው ነው ያነሳላት። የተቀመጠችውም በእንግዳ ቦታ ነው። ስለዚህ ብቻዋን አልነበረችም፤ የሚያስተናግዳት ሰው ነበር።»

«ሲኒው ግን አንድ ነው!» አለ ጋሽ ትኬት።

«አንድ ነው። አስተናጋጁ የማይጠጣበት አንድ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም ይቅርታ ሲጠየቅ ነው።» መበለቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። «መራራ ቅጠል ያለ ስኳር ይቀርባል። የተበደለው ሰው ይቅር ካለ ፊቱን ሳይቋጥር ይጨልጠዋል። በምሬት ውስጥ ምሬት ቢደበቅ ማን ይለየዋል? ብትለየውስ፣ ይቅር ማለት የፈለገች ሴት እንዴት ትተፋዋለች? ገዳዩ ያጠጣት በገዛ ጨዋነቷ ነው።»

ልጅቷ ግድግዳውን ደገፍ አለች።

«ማነው ታዲያ?» አለ አቶ እሺ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ሳይል።

«ሁለት ነገር የሚሟላለት ሰው ነው፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ፣ እሷንም የበደለ። አንተ አታውቀውም፤ ፈገግታ ይበቃል ባይ ነህ። እሳቸው» ወደ መበለቲቱ አየች «ያውቁታል፤ ግን የተበደሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ቀጂዋ ሟቿ በሆነች።»

«ልጅቷስ?» አለ ጋሽ ትኬት ፈጥኖ። «የበደለቻትማ እሷ ናት! እናቷ ቤት ውስጥ አስተምራት ቢሆንስ?»

ልጅቷ አጎቷን አየችው፤ የሰማችውን አላመነችም።

«ይህንን እንደሚሉ አውቄያለሁ» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «እንዲህ ያለ ሰው ነዎት! ጠዋት የእህትዎ ድምፅ ከኮሪደሩ ጠፍቶ ነበር። የራሷ ድምፅ ከላይዋ እየለፈለፈ እርቅ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ አጥፋልኝ ብላለች። ማጥፊያው የተቆለፈ ቢሮዎ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ያለው ኪስዎ ውስጥ ብቻ ነው። ይህቺ ልጅ በየት በኩል ትገባለች? ሥርዓቱንም አላውቅም አሉኝ፤ ቅጂውን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳምጬ ቆረጥኩ ብለው ጉራዎን ነዙልኝ። የይቅርታውን ትምህርት ቆረጡት። የአሸዋውንም ቆረጡት፤ ባሕሩ ሽርሽረኛ እንዳያስፈራ! ይህ ጨዋነት መሸጥ ነው? የሰው ባል አሸዋ በላው፤ እህትዎ ያንን ዛሬ በመንገደኞች ፊት ልትናገር ነበር። ስለዚህ ቀድመው ይቅርታ ጠየቋት፤ በመርዝ!»

ጋሽ ትኬት መሐረቡን ከኪሱ አወጣ፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን አላወቀም።

«ይዘጋ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቤቱ ይዘጋ ነበር። እንዳትናገሪ ብዬ ለመንኳት። 'ይቅር እልሃለሁ፤ መናገሩን ግን አልተውም' አለችኝ።» በአስተናጋጁ ትራስ ላይ ተቀመጠ። «ስትቀምሰው ቀና ብላ አየችኝ። የምታቆም መስሎኝ ነበር። አላቆመችም። እያየችኝ ጨለጠችው።»

መበለቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፖሊሱ ሊያነሳው ጠጋ ሲል ልጅቷ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ከአጎቷ ፊት ተንበረከከች።

«ስለ እኔ ምን አለች?»

«ተዪኝ፣ ልጄ።»

«አጎቴ፣ ምን አለች?»

ሰውዬው መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሲኒውን አስቀምጣ 'ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አታውርደው' አለችኝ። 'ውኃ ጨምርበት። ዛሬ ልጄን አስጠራታለሁ፤ እኔም የምቀዳላት መራራ ሲኒ አለኝ' አለች።»

«አንተስ?»

«አወረድኩት» አላት።