መጨረሻ ያልሠራሁለት ሸክም

እኔን መልከ ጼዴቅን የምታውቁ ሰዎች፣ ወሬ ሳላሳድግ እንደማልውል ታውቃላችሁ። ፈረሴ ቦራ ላንድክሩዘር ቀድሟል ያልኳችሁም እኔው ነኝ።

ይሄኛው ግን እንዳለ የሆነ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

መጨመር ምን እንደሚያመጣ ስላየሁ ነው...

የካቲት ዐሥራ አራት ቀን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጓሳ ላይ።

ሌሊት አልነበረም። ፀሐይዋ ገና ሰማይ ላይ ነበረች።

ሥራዬ ጓሳን፣ የመንዝን የሣር ደጋ፣ ለእንግዳ ማስጎብኘት ነው። ከመሐል ሜዳ እስከ ቀየት እንደኔ ፈረስ የሚያውቅ፣ እንደኔ እንግሊዝኛ የሚናገር አልተፈጠረም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲሳሳቱ አርማቸዋለሁ።

የዚያን ቀን እንግዳዬ ሎይስ የምትባል የሰባ ዓመት አሜሪካዊት ነበረች። አንቱ ልላት ይገባ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ተገላገልኩ።

ጠዋት ድንኳኗ ደጃፍ ሻይ ይዘን ተቀመጥን።

"አገርሽ የት ነው?"

"ሮዝዌል" አለችና ዐይን ዐይኔን አየችኝ። እንድደነግጥ ነው የምትጠብቀው።

"ምን አለ እዚያ?"

"የዛሬ ሰባ ምናምን ዓመት ከሰማይ አንድ ነገር ወደቀ። መንግሥት ፊኛ ነው አለ። ሰዉ የሌላ ዓለም መርከብ ነው አለ።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ቲሸርት እሸጣለሁ" ብላ ሳቀች። "እኛ ጋ ያለው ሁሉ ለእንግዳ የተሠራ ነው።"

ሰማችሁ? ሃምሳ ሺህ ሰው የማይሞላው ከተማ ነው። ለወደቀው ነገር ሙዚየም ሠርተውለታል። የመንገድ መብራቱ ሁሉ ዐይኑ የፈጠጠ ጭንቅላት ነው። ዓለም በሙሉ ስሙን ያውቀዋል።

ሳሌም የሚባል ሌላ ከተማም ነገረችኝ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጠንቋይ ናችሁ ብለው ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሰቀሉ። ዛሬ የፖሊስ መኪናቸው ላይ በመጥረጊያ የምትበር ሴት ሥለው ይዞራሉ። አያፍሩም።

ስሙ አፍ የማይገባ ሌላ ደግሞ አለ። በዓመት አንድ ቀን የፍልፈል ዘመድ የሚመስል ፍጥረት ከጉድጓድ አውጥተው ብርዱ መቼ እንደሚያበቃ ይጠይቁታል። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች ናቸው የሚጠይቁት።

እኛ ጋ ፍልፈል ብቅ ካለ ቀይ ቀበሮ ይበላዋል። ስለ አየር ጠባይ የሚያማክረው የለም።

ንዴት ያዘኝ። በፍልፈል ስም እነሱ ዓለምን ያዙ፣ እኛ መንዞቹ እዚህ ቁጭ ብለናል።

"እኛም አለን" አልኳት።

ምንም አልነበረንም።

በርኖሴ ከአጥሩ ላይ ተገልብጦ ተሰጥቷል። ዐይኔ እሱ ላይ አረፈ። ከዚያ አፌ ራሱ ቀጠለ...

"ድሮ ጓሳ ሣሩ እንዳይታጨድ ተዘግቶ ሳለ ሣር የሰረቀ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ ሸክሙን ማውረድ አልቻለም። በርኖሱን ገልብጦ ለብሶ፣ አቀርቅሮ፣ በጉም ውስጥ ይሄዳል። እግዜር ይስጥልኝ የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ። 'አውርድልኝ' ብቻ ነው የሚለው። ያወረደለት ሰው... ሸክሙ ወደሱ ያልፋል።"

ሎይስ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። አንዷንም ቃል አላስቀረችም።

"ከዚያስ? የተሸከመው ሰው በምን ይገላገላል?"

መጨረሻ አልሠራሁለትም ነበር።

"እሱን ነገ እነግርሻለሁ" አልኳት።

የእህቴ የጥሩሸዋ ባል አወቀ ያኔ ፈረሶቹን ይጭን ነበር። ቢሰማም እንግሊዝኛ አያውቅም። አወቀ ደግ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሸክም የያዘ ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። እኛ አገር እንዲያ ነው ወጉ፣ እሱ ግን ያበዛዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጉም ከቆላው ወጥቶ ዋጠን።

እኔ ሎይስን ያስቀመጥኩበትን ቦራን እየሳብኩ ከፊት ነኝ። አወቀ የጭነቱን ፈረስ ይዞ ከኋላ ይከተላል።

ቦራ ቆመ። ብስበው እምቢ አለ።

"ጋሽ መልከ..." አለ አወቀ በሹክሹክታ።

"ምንድን ነው?"

"ሰውዬ አለ።"

"የምን ሰውዬ?"

"ሣር ተሸክሟል።"

"ዘንድሮ ጓሳ ዝግ ነው።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ። ግን ተሸክሟል።"

ዞር አልኩ። መጀመሪያ ጥላ ብቻ ነው የታየኝ። የካቲት ነው፣ ሣሩ ሁሉ ቢጫ ነው... የሰውየው ሸክም ግን አረንጓዴ ነው። ውኃ ይንጠባጠባል።

በርኖሱ ተገልብጧል።

ሎይስ ከፈረሱ ላይ ሳቀች። "አዘጋጅተህልኛል አይደል?" አለችኝ።

"አውርድልኝ" አለ ሰውየው።

እዚህ ጋ እውነቱን ልንገራችሁ። "አትንካው" ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን አወቀ "ለምን?" ይለኛል። የገዛ ውሸቴን ፈራሁ ልበለው? ቅዳሜ ገበያ ላይ መሳቂያ ልሁን?

ፊቴን ወደ ቦራ መለስኩ።

"ኧረ ምን ገዶኝ አባቴ፣ ና ጠጋ በል" ሲል ሰማሁት አወቀን።

ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲያርፍ ሰማሁ። መሬት ላይ አልነበረም ያረፈው...

ጉሙ ሲገልጥ ሰውየው የለም። አወቀ ጎብጧል። ሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጠፍር እንደጨበጠ ተቆልፏል። ጠፍር ግን የለም። ጀርባው ላይም ምንም የለም።

"ከበደኝ ጋሽ መልከ" አለ።

ሎይስ በማግስቱ ወደ አገሯ ሄደች። መጨረሻውን ሳትጠይቀኝ።

አወቀ ዐሥራ አንድ ቀን እንደጎበጠ ሰነበተ። ሐኪም አየው፣ ምንም የለውም አለ። ጠበል ወሰድነው፣ ውኃው ጀርባውን ሳይነካ ከላይ ከላይ ይፈስሳል።

ቤት ሲገባ በጎኑ ነው የሚገባው። ሰፊ ሸክም እንደያዘ ሰው። ሲገባም የበሩን መቃን አንድ ነገር ይፍቀዋል... ሽሽሽ እያለ።

ጥሩሸዋ በየማለዳው አረንጓዴ ሣር ከቤቷ ትጠርጋለች።

በመጨረሻ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም።

"መጨረሻው ምንድን ነው ጋሼ?"

"መጨረሻ አልሠራሁለትም።"

"እንግዲያው ሥራለት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትዋሽ ማን አስተማረህ?"

"ቀላል አይደለም ጥሩዬ።"

"ባሌ ቁጭ ብሎ እህል መብላት አቅቶታል። ዛሬ ትሠራለታለህ።"

ትክክለኛው መጨረሻ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። *ተረቱን ያወራው ሰው ያውርደው።* ሌላ ምን መጨረሻ አለው?

ዋጥኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አወቀ ፊት ቆሜ ሌላ አልኩ። "ወሬውን ጽፎ የወሰደ ሰው፣ ሸክሙንም ይወስዳል።"

ሎይስን ምን ይጎዳታል? ብዬ ነው። ከተማዋ በእንዲህ ያለ ነገር ነው የሚኖረው። አንድ ሙዚየም ይጨምሩለታል።

አወቀ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እጁ ተፈታ። አከርካሪው እየተንቋቋ ቀጥ አለ።

"ምሳ አለ?" አለ።

ጥሩሸዋ እጄን ሳመችኝ። ጀግና ሆንኩ። ለአንድ ወር ያህል በየሄድኩበት አወራሁት፣ እያሳደግሁ።

ከዚያ ስልኬ ላይ የሎይስ መልእክት መጣ። ፎቶ ነው። ከሱቋ መስኮት ያነሳችው። ጠራራ ፀሐይ ነው። ያ ዐይኑ የፈጠጠ የመንገድ መብራት ይታያል።

ከሥሩ አንድ ሰው አቀርቅሮ ቆሟል። አረንጓዴ ሣር ተሸክሟል። በርኖሱን ገልብጦ ለብሷል።

ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ "ቀልድህ ደረሰኝ። ይህን ሰው እዚህ ከየት አገኘኸው? ሮዝዌል ይኮራብሃል። ሸክሙ የከበደው ይመስላል፣ ወጥቼ ላወርድለት ነው።"

"አትንኪው" ብዬ ጻፍኩ።

ያኔ ለአወቀ ያላልኳት ቃል ናት።

ስልኩ የመላኩን አንድ ምልክት ብቻ አሳየኝ። የመድረሱ ሁለተኛው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ፎቶውን አጎላሁት። የበርኖሱ ግራ ትከሻ ላይ በቀይ ክር የተጠቀመ ቀዳዳ አለ።

ያን ቀዳዳ የጠቀምኩት እኔ ነኝ።

ቀስ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ... በርኖሴ ከችካሉ ላይ ተሰቅሏል።

ተገልብጧል። ከጫፉ ውኃ ይንጠባጠባል።

ከሥሩ ወለሉ ላይ አንድ ጠፍር ተቀምጧል። ሎይስ አሁን ሸክሙን እንዳወረደችለት፣ ተፈትቶ።

ጎንበስ ብዬ ነካሁት።

ሞቆ ነበር።