የደሳለው ጂፕ ሁለተኛ መለኪያ

ወረታ ውስጥ ሾፌሩን ደሳለውን የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። እኔ ባየህ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የከብት ሐኪም ነኝ። እሱ እየነዳ፣ እኔ ከብት እየከተብኩ፣ ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ጂፕ የፎገራን ሜዳ ስንዞር ኖረናል። የምነግራችሁ ታሪክ የእሱ ቢሆንም ጥፋቱ ግን ግማሹ የእኔ ነው።

ያን ጊዜ ሜዳው እንደ ዛሬው ሁለመናው ሩዝ አልነበረም። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ከወገብ ይደርሳል፤ ያ የፎገራ ከብት ሣሩ ውስጥ ገብቶ ጀርባው ብቻ ይታያል። ከብት የሚፈጀው አባ ሰንጋ ገባ ሲባል ክትባቱን በበረዶ ይዘን ወደ ቁሐር ሚካኤል እንወርዳለን። ጭቃው መኪናውን እስከ ሆዱ ሲውጠው የቀበሌው ሰው ወጥቶ በገመድ ይስባል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ፣ ደሳለው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሞተሩን ያዳምጣል። «ቆዩ… ቆዩ… አሁን ሳቡ» ሲል መኪናው ይወጣል። ጆሮው የተመሰከረለት ነበር። አንድ ቀን ከሐሙሲት ስንመለስ ድንገት አቆመና፣ «የኋላው ግራ ጎማ ሚስማር ነክሷል» አለኝ። ወርጄ ባየው እውነቱን ነው። እኔ የሰማሁት ንፋሱን ብቻ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን አሮጌ መኪኖቹን በጨረታ ሲሸጥ ደሳለው ያንኑ ጂፕ ገዛው። ጡረታ ከወጣን በኋላም አልተለያየንም። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ፣ ወገቡን ያመመው ወንዛዬ ፍል ውሃ ያደርሳል፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ የድሮውን እያነሳን እንጓዛለን።

ልጁ ሰገን ባሕር ዳር መካኒክነት ተምራ እዚሁ ወረታ ጋራዥ ትሠራለች። አምና ከጥምቀት በኋላ አንዲት ትንሽ ክብ ጌጅ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ይህችን ልግጠምልዎት። ተጨማሪ የሙቀት መለኪያ ናት» አለችው።

«መለኪያማ አለው።»

«ያለው የሚለካው የውሃውን ሙቀት ነው። ውሃው ጎድሎ ካልነካው፣ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ቀዝቃዛ ነው ይልዎታል። ይህች ግን የምትታሰረው ከሞተሩ ራስ፣ ከብረቱ ላይ ነው። ውሃ ኖረም አልኖረም የብረቱን ሙቀት ትናገራለች። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ትጮኻለች።»

ደሳለው ሳቀ። «ይህ መኪና በዕድሜ ካንቺ ይበልጣል። ሲያመው እሰማዋለሁ። የገዛ ልጁን ልቅሶ በመሣሪያ የሚሰማ ሰው አለ?»

ሰገን ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ ባየህ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የደሳለው ጆሮ መድከም ከጀመረ ሁለት ፋሲካ አልፎ ነበር። ቅዳሴ ላይ የሚሰግደው ሰው ሲሰግድ እያየ ነው። ከኋላው ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋበት ዞር አይልም። ስለ ዝናብ ስጠይቀው ስለ ገበያ ይመልስልኛል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ነገር ግን በጆሮው የተመሰገነን ሰው «ጆሮህ ደክሟል» ማለት ስድብ መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

«ተይው ልጄ፣ አባትሽ ያውቃል» አልኳት። ጌጇን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ሚያዝያ ላይ የደሳለው ባለቤት አምሳል ጉልበቷን አመማትና ወንዛዬ ልንወስዳት ተነሣን። ሐሙሲት ስንደርስ ፀሐዩ ከሮ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን የጠጠሩን ዳገት ስንጀምር ከሞተሩ የደረቀ ኳኳታ ሰማሁ፤ የጋለ ብረት ሽታም ተከተለ። ደሳለው እያፏጨ ይነዳል።

«ሞተሩ ዛሬ እንዴት ነው?» አልኩት፣ በዙሪያ ጥምጥም ልነግረው ብዬ።

ጥያቄዬን ከከንፈሬ ሳያነብ አልቀረም፤ መለኪያውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። መርፌው ወርዶ ቀዝቃዛው ላይ ተኝቷል። «እየው፣ እንደ ዛሬ ቀዝቅዞ አያውቅም።»

አምሳል ከኋላ፣ «ይኼ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አለች። አልሰማትም። እኔ ሰምቻለሁ፤ ዝም አልኩ።

ብዙም ሳንሄድ መኪናው አቅም አጣና ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ። ደሳለው ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ራዲያተሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ሲንፈቀፈቅ እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ይሰማኛል። እሱ ግን መርፌውን አምኖ እጁን ወደ ክዳኑ ሰደደ።

«ተው፣ እንዳትከፍት!» ብዬ ጮህኩ።

አልሰማኝም። ክዳኑ ሲለቅ እንፋሎቱ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ገሸለጠው።

አምሳል በዚያ ጉልበቷ ቁልቁል ወርዳ፣ መንገድ ላይ ቆማ፣ ድንጋይ የጫነ መኪና ለምና አስቆመችልን። በዚያው መኪና ሐሙሲት ጤና ጣቢያ ደረስን። በኋላ ሲታይ ያረጀ ቱቦ ተሰንጥቆ ለቀናት ውሃውን ጠብ ጠብ ሲያደርግ ከርሟል።

እጁ ሰባት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ከረመ። ሰገን ሞተሩን ፈታች፤ ግለቱ ያጣመመውን ብረት ባሕር ዳር ወስዳ አስተካከለች፤ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየረች። መኪናው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ደሳለው ራሱ፣ «ያችን ጌጅ አምጫት» አላት።

ግቢያቸው ውስጥ ገጠመቻት። ሞተሩ ሞቅ ሲል፣ «አባዬ፣ አሁን ልሞክራት ነው። ድምፅዋን ይልመዱት» ብላ የማስጠንቀቂያውን ልክ ዝቅ አደረገችው። ጌጇ መጮህ ጀመረች። አምሳል ምን መጣ ብላ ከጓዳ ወጣች። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ደሳለው መሪውን ይዞ ይጠብቃል።

«እንግዲህ መቼ ነው የምትጮኸው?» አለ።

ሰገን ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። አምሳልም አየችኝ።

ወደ መስኮቱ ቀርቤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «እየጮኸች ነው፣ ደሳለው።»

ጌጇን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «አንተ ይሰማሃል?»

«ጎረቤትም ይሰማል።»

«ጆሮዬን ያወቅኸው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስተኛ ፋሲካው ነው።»

«ከጎኔ ተቀምጠህ?»

«ከጎንህ ተቀምጬ።»

«ቁሐር ሚካኤል ጭቃ ውስጥ ስንቀር ስንት ጊዜ ወርደህ ገፍተሃል» አለኝ። «ይህችን ቃል ማውጣት ከዚያ ከበደህ?»

«ከበደኝ» አልኩት።

ጠባሳ የያዘ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተመለከተው። «እኔም አውቄው ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያለ ጆሮዬ ምን ሾፌር ነኝ ብዬ ከራሴ ደበቅሁት።»

በማግስቱ ሰገን ከጌጇ ጎን ቀይ መብራት ሠራችለት፤ ጩኸቱ ለተሳፋሪው፣ መብራቱ ለእሱ። ቆይተን ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ጆሮውን የጎዳው የዘመናት የሞተር ጩኸት መሆኑን ገልጾ፣ «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ የቀረዎትን መስማት በጊዜ እንረዳው ነበር» አለው። ይህን ሲል እኔ መሬት መሬት አየሁ። የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ታዘዘለት፤ በመኪና ጩኸት መሃል ግን ብዙም አይረዳውም። ሰው መጫኑንም ለሰገን ለቀቀላት።

ወገኖቼ፣ ያረጀ መኪና ያላችሁ ቱቦውን ፈትሹ፣ መለኪያ ጨምሩለት፤ ትንሽ ነገር ናት፣ ከብዙ ታድናለች። ከሁሉ በላይ ግን አብሯችሁ ያረጀ ወዳጅ ካላችሁ፣ ዓይኑ ወይም ጆሮው ሲደክም ስታዩ ይሉኝታ አፋችሁን አይያዘው። እኔ ያከበርኩት መስሎኝ ብቻውን ተውኩት።

በኅዳር፣ ሩዙ ሲታጨድ፣ ሦስታችን በሜዳው አልፈን ወደ ሐሙሲት ስንሄድ ሰገን ትነዳለች፣ ደሳለው ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ድሮ ከብቱን የከተብንበትን መስክ በጣቱ አሳየኝና አንድ ነገር ጠየቀኝ። መለስኩለት።

«ጮክ በል ባየህ፣ አልሰማሁህም» አለኝ፣ ሳያፍር።

ጮክ ብዬ ደገምኩለት።