እምቢ የማይባለው ዋንጫ

ይህ በእኔ በገላነሽ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው፤ ለማንም አልምልም።

ቦታው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት፣ ሽቫንሃይም የሚባል ሰፈር ነው። ጠዋት አራት ሰዓት። ጭጋጉ ከማይን ወንዝ ላይ ገና አልተነሣም።

የማስታምማቸው አሮጊት ፍራው ሊንደ ይባላሉ፤ ወይዘሮ ሊንደ እንደ ማለት ነው። ሟቹ ባላቸው ካርል ከፔሩ ያመጣቸው ዕቃዎች ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ኢንካ የሚባሉት ሕዝቦች ይገለገሉባቸው የነበሩ ዓይነት ናቸው፤ አንድ እግር ያለው የሸክላ ድስትና ሁለት የእንጨት ዋንጫዎች።

ዋንጫዎቹ መንታ ናቸው።

«ኢንካዎች ብቻቸውን አይጠጡም» ብለውኛል ፍራው ሊንደ። «አንዱን ጋባዡ፣ ሌላውን ተጋባዡ ይይዛል። እምቢ ማለት ነውር ነው።»

እኔ ደግሞ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሠራችውን ዕቃ ሁሉ ጭቃው ሳይደርቅ ከንፈሩ ላይ በጥፍሯ ሁለቴ ትጫነው ነበር። ምልክቷ ነው።

ድስቱ ተሟሽቶ እንደማያውቅ ገና ሳየው ገባኝ።

«ተይው ገላ፣ የካርል ነው» አሉኝ ፍራው ሊንደ፣ ላሟሸው ሳነሣው።

አልተውኩትም። ያልተሟሸ ሸክላ አይቶ ዝም የሚል ሰው ከእናቴ ቤት አልወጣም። ውኃ ሞልቼ፣ እሳቱን ቀንሼ፣ ቀስ እያልኩ አሟሸሁት።

በማግስቱ ስገባ ድስቱ መደርደሪያው ላይ ነበር። ነካሁት።

ትኩስ ነው...

ምድጃው ግን ቀዝቃዛ።

አንደኛው ዋንጫ ባዶ ነው፤ አፉ ረጥቧል። ሌላው ሙሉ ነው። ጠላ ጠላ ይሸታል።

ያለ እኔ ከአልጋ መውረድ የማይችሉት ፍራው ሊንደ ከመደርደሪያው ፊት ቆመዋል።

«የበቆሎ ጠላ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ካርል ጋበዘኝ። ከጠጣሁ አብሬው እሄዳለሁ።»

«መሄድ ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም... ግን እምቢ አይባልም።»

እጃቸው ዋንጫውን ያዘ።

ደሜ ፈላ። እኔ እኮ ሰው «ቡዳ» እያለ ሲሸሸኝ ነው ያደግኩት። ድግስ ላይ ሌላው በዋንጫ ሲጠጣ ለእኔና ለእናቴ ደጅ ላይ በቅል ነበር የሚቀዳልን። ሲፈሩኝ የኖርኩትን ሴት አንድ የሞተ ፈረንጅ ሊያስፈራኝ?

«ይባላል!» አልኩ።

ዋንጫውን ነጥቄ ወጥ ቤት ሮጬ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት።

«ሄር ካርል ሊንደ፣ ይስሙኝ! እርሳቸው አይመጡም። ገና ቁርሳቸውን አልበሉም!»

ከመደርደሪያው አንድ ነገር ኳ... አለ።

ፍራው ሊንደ አለቀሱ። ትንሽ ቆይተው እንቁላሉ ጠንክሯል ብለው ተቆጡኝ። ሲቆጡኝ ደስ አለኝ፤ አልሄዱማ!

ትናንት ጠዋት ግን...

ዋንጫዎቹ ሦስት ሆነው ጠበቁኝ።

ሦስተኛው የሸክላ ነው። ሙሉ ነው።

ከንፈሩ ላይ ሁለት የጥፍር ምልክት አለ።

በዕድሜዬ በዋንጫ የጋበዘኝ ሰው የለም። ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«እማዬ... አልመጣም» አልኩ። ለካርል እንደጮህኩት መጮህ ግን አልቻልኩም።

ልደፋው አነሣሁት። ጣቶቼ ሰመጡበት...

ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።