የአናክሌቶ ሳፋ

ሴኞር ቫልዴሚሮ ከወንበሩ ከተነሣ ነገር አለ ማለት ነው። ያን ቀን ዜፌሪና ቢሮ ስትገባ አለቃዋ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የደሴቲቱ ካርታ ፊት ቆሞ ጠበቃት።

«እንግዶቹ ሰለቻቸው» አላት፣ ሰሜኑን ዳርቻ በጣቱ መታ መታ እያደረገ። «እዚህ ሁሉም ሆቴል፣ ሁሉም ጃንጥላ ነው። ጸጥ ያለ ይፈልጋሉ። ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት የአንድ ቀን ጉዞ አዘጋጂልኝ። አስጎብኚዋም አንቺው ትሆኛለሽ።» ጣቱ በባሕሩ ጠርዝ ቁልቁል ወርዶ መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ቆመ። «እዚህ። ፕራያ ሙንዴ። ታውቂዋለሽ?»

ዜፌሪና ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች።

«ኧረ እኔ! በምን አውቄው?» አለች።

ውሸቷን ነው። እትብቷ የተቀበረው እዚያው ፕራያ ሙንዴ ነው። አባቷ ኢናሲዮ ታንኳ ይዞ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረው እዚያ ነው፤ እናቷም ብዙ ሳትቆይ የተከተለችው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አክስቷ ወደ ዋና ከተማው አምጥታ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ልጆቹ ታዲያ ገና አፏን ከመክፈቷ አፍንጫቸውን ይዘው «ደቡቦቹ መጡ፣ ዓሣ ሸተተ፣ መስኮት ክፈቱ!» ይሏት ጀመር። አይ ልጅነት! አንድ ቀን አዲስ ክፍል ስትገባ «የወደብ ሰፈር ልጅ ነኝ» አለች፤ ማንም አፍንጫውን አልያዘም። ውሸቱ አብሯት አደገ፣ አብሯት ሥራ ገባ።

በማግስቱ ታንኳ ያለው ሰው ልታፈላልግ ወደ ደቡብ የሚሄዱት ቢጫ ታክሲዎች ወደሚቆሙበት ሄደች። አንድ ረጅም ጎልማሳ ባዶ የዓሣ ቅርጫቶቹን ታክሲ ላይ እየጫነ ነበር። ዞር ብሎ አያት። እንደገና አያት።

«የኢናሲዮ ዜፌ አይደለሽም?»

ዙሪያዋን ቃኘችና ተጠጋችው። «በናትህ ቀስ በል! እዚህ ማንም አያውቅም።»

«ምኑን?»

«ከየት እንደሆንኩ።»

ሰውየው ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ። አናክሌቶ ነበር፤ የጎረቤታቸው የጁስቲና ልጅ። ልጆች ሳሉ ከሱ ጋር ሸርጣን ሲያባርሩ ይውሉ ነበር። አሁን ትከሻው ሰፍቷል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው፣ ሊስቅ ሲል ቀድሞ ይጠባል።

«እንግዲያው አላውቅሽም» አላት። «አናክሌቶ እባላለሁ። የአንቺንስ ስም ማን ልበል?»

ሳታስበው ሳቀች። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚያች ሳቅ ነው።

አናክሌቶ በየሳምንቱ የተጨሰ ዓሣ ሊሸጥ ከተማ ይመጣል። ሲጨርስ ባሕሩ ዳር ያለው ግንብ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። መኪናው የት ይቁም? እንግዶቹ ሳይረጥቡ ታንኳ የሚሳፈሩት ከየትኛው ድንጋይ ላይ ነው? ዝናብ ከመጣስ?

«ዝናብማ ይመጣል» ይላል አናክሌቶ። «ደቡብ መጥተው ካልረጠቡ ምኑን መጡት?»

«ምሳስ?»

«እማዬ ካሉሉ ትሠራላቸዋለች። በተጨሰ ዓሣ፣ በቅጠል፣ በቃሪያ። ፈረንጆቹ ቃሪያ ይችላሉ?»

«አንዳንዶቹ አይችሉም።»

«የማይችሉት ያለቅሳሉ። እማዬ ደግሞ በወጧ ሰው ሲያለቅስላት ደስታዋ ነው!»

እንዲህ እንዲህ እያሉ የጉዞው ዕቅድ አለቀ። እነሱ ግን ያላለቀ አስመስለው መገናኘታቸውን ቀጠሉ። ሲለያዩ አናክሌቶ ታክሲው ውስጥ ሆኖ እስኪታጠፍ ድረስ ያያታል። እሷም ወደዚያ ወደዚህ ትላለች እንጂ ከቆመችበት አትነቃነቅም። ወዳዋለች። ወዷታል።

አንድ ቀን አናክሌቶ ጨዋታውን አቁሞ ወደሷ ዞረ።

«ዜፌ፣ እኛ ጋ ስትመጪ ሳፋዬን ብሰጥሽ ትቀበይኛለሽ?»

በፕራያ ሙንዴ ሽማግሌ አይላክም። አጥማጁ ከባሕር ሲመለስ ያገኘውን በሳፋ አድርጎ፣ ታንኳው ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ይዘረጋል። የሚቀበለው የገዛ ቤተሰቡ ሴት ናት፤ እናት፣ እህት፣ ሚስት። ሌላ ሴት ውኃ ውስጥ ገብታ ከተቀበለችውና አናቷ ላይ አድርጋ በሰው ሁሉ ፊት ዳርቻውን ከወጣች፣ በቃ፣ እሷ የሱ ናት፣ እሱም የሷ። ቄሱ ኋላ ይደርሳሉ።

«እቀበልሃለሁ» አለችው ዜፌሪና። ፈገግ ብላ ነው ያለችው፤ ቀልዷን ግን አልነበረም።

እንግዶቹን ከመውሰዳቸው በፊት ሴኞር ቫልዴሚሮ መንገዱን በዓይኑ ማየት ፈለገ። የድርጅቱን ነጭ ሸሚዝና ነጭ ጫማ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። መኪናው በዘንባባው እርሻ መሀል ሲጠማዘዝ ሰውየው ወሬውን ለቀቀው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ግን አያርፍም።

«እንግዲህ አፍንጫሽን ያዢ» አላት መንደሩ ሲታይ። «እነዚህ ሰዎች ከተወለዱ ጀምሮ ገላቸውን የሚታጠቡት በዓሣ ነው።»

ዜፌሪና ሳቀች። ያቺን ሳቅ ዛሬም ድረስ ስታስታውሳት ሰውነቷ ሽምቅቅ ይላል።

ዳርቻው ላይ ሴቶቹ ሳፋቸውን ይዘው ታንኳ ይጠብቃሉ። ከመሀላቸው አንዲት ትልቅ ሴት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አተኩራ አየቻት። የአናክሌቶ እናት ጁስቲና ነበረች።

«ኧረ ይቺ የኢናሲዮ ልጅ ናት!» አለች በደቡቦቹ ቋንቋ። «አካሄዷን እዩት፣ ቁርጥ እናቷን!»

«ምን አሉ?» አለ ሴኞር ቫልዴሚሮ።

እያንዳንዱ ቃል ገብቷታል። ያልገባት መሰለች። ታንኳውን ወደ ዳር እያስጠጋ የነበረው አናክሌቶ ሰማ፤ እሷንም አያት።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚሉት» አለ በከተማው ቋንቋ። ለሷ ብሎ ዋሸላት።

ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሳፋውን አነሣ። አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ቀያይ ዓሦች ከላይ ያብረቀርቃሉ። እንደዚያ ቀን ያለ ዓሣ አግኝቶ አያውቅም። ተነሥቶ ቆመና በሁለት እጁ ወደ ዜፌሪና ዘረጋው። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ጁስቲና አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን ሊያደርግ ነው?» ሴኞር ቫልዴሚሮ ከኋላዋ ሳቀ። «ተጠንቀቂ፣ ሸሚዝሽን እንዳያጠፋብሽ!»

ዜፌሪና ሳፋውን አየች። የአናክሌቶን ዓይን ግን ማየት አቃታት።

«አመሰግናለሁ» አለች በከተማው ቋንቋ። «እኔ ዓሣ አልነካም። ልብሴ ይሸትብኛል።»

ዳርቻው ላይ ይህን ያልሰማ፣ ያልገባውም ሰው አልነበረም። አናክሌቶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እናቱ ውኃ ውስጥ ገብታ ሳፋውን ከእጁ ወሰደችና ሰው ሳታይ ዳርቻውን ወጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሴኞራ» አለ አናክሌቶ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲሁ ላሳይዎት ብዬ ነው።»

እርስዎ አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያ ወዲያ ግንቡ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ዓሣውን ሌላ ሰው ይዞት ይመጣል። «አናክሌቶ ደህና ነው?» ብላ ስትጠይቅ «ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» አላት ሰውየው።

ይህም አልበቃ ብሎ ሴኞር ቫልዴሚሮ አንድ ቀን እጁን እያፋተገ መጣ።

«ያ አጥማጅ ሳፋ የዘረጋልሽ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቢው! እንግዶቹ ሴቶች እየተቀበሉ ፎቶ ይነሣሉ። እንዴት ያምራል!»

«አይሆንም» አለች ዜፌሪና።

«ለምን አይሆንም?»

ለምን እንደማይሆን ለመናገር ከየት እንደመጣች መናገር ነበረባት። አለቃዋ ሲጠብቃት ሲጠብቃት ቆየና «በይ አስገቢው» አላት። አስገባችው። በገዛ እጇ፣ ከምሳው በፊት፣ «ዓሣ መቀበል» ብላ ጻፈችው። የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ያልተቀበለችውን ሳፋ ለፈረንጅ ፎቶ መሸጧ እኮ ነው! እንዲህ ዓይነት ሰው ምን ይባላል?

የጉዞው ቀን ደረሰ። እንግዶቹ ኮፍያቸውንና ካሜራቸውን ይዘው በዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ሲኮለኮሉ፣ ሴቶቹ ከወትሮው ራቅ ብለው ቆሙ። ፕሮግራሙን ሰምተዋል። የእንግዳ ገቢ ለመንደሩ ይጠቅማል ተብለው ዝም አሉ እንጂ፣ ፊታቸው ዝም አላለም።

«አሁን ደግሞ» አለ ሴኞር ቫልዴሚሮ ደስ ብሎት፣ «ከእናንተ ሴቶች አንዷ የአጥማጁን ሳፋ ትቀበላለች!» አንዲት ሽበት ጣል ጣል ያለባት እንግዳ እየሳቀች እጇን አወጣች።

የአናክሌቶ ታንኳ መጣ። ቀስ ብሎ ነው የሚቀዝፈው። ጁስቲና ከሩቅ አይታ «ወይኔ ልጄን» አለች።

ባዶውን ነበር የመጣው።

ባዶ የሚመለስ ሰው ሳፋውን አያሳይም። ይደፋዋል፤ ቤተሰቡም ብብት ሥር ወሽቀው ሰው በማያይበት፣ በጓሮ መንገድ ይወስዱለታል። ዜፌሪና ልጅ ሆና፣ አባቷ የቀረ ቀን፣ እናቷ ሳፋዋን ደፍታ በጓሮ ስትገባ ያየችው ትዝ አላት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሴኞር ቫልዴሚሮ፣ ደንግጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባዶ? ቢያንስ ከገበያ ገዝቶ ቢያስገባበት ምን ነበረበት!» አንዳንዶቹ እንግዶች ሳቁ። አናክሌቶ አንገቱን እንደደፋ ታንኳው ላይ ቆሟል። ጁስቲና ልትቀበለው ወደ ውኃው አመራች።

ዜፌሪና ነጭ ጫማዋን አወለቀች።

«እማማ ጁስቲና» አለች በደቡቦቹ ቋንቋ። ስንት ዘመን ያልተናገረችው ቋንቋ ነው። «ይተዉት፣ እኔ ልያዘው።»

ሴቲቱ ባለችበት ቆመች። ዜፌሪና ከነልብሷ ውኃ ውስጥ ገብታ ታንኳው አጠገብ ደረሰች።

«ስጠኝ» አለችው።

«ባዶ ነው።»

«አያለሁ።»

«አለቃሽ ቆሟል። እንግዶቹ እያዩሽ ነው።»

«ይዩ።»

«ልብስሽ ይሸትብሻል» አላት። ድምፁ ውስጥ የቆየ ቁስል ነበር።

«ይሽተት።»

አናክሌቶ ሳፋውን ደረቱ ላይ ጨምቆ ያዘው። «ሞልቶ ስሰጥሽ አልተቀበልሽኝም። ዛሬ አሳዝኜሽ ነው?»

«አላሳዘንከኝም» አለችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አፍሬ ነው፣ አናክሌቶ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ አፍሬ ነው የምኖረው። ያኔ ያልተቀበልኩህ ዓሣውን ጠልቼ አይደለም፤ ሰው ስላየኝ ነው። ሳፋህንም እዚህ ፕሮግራም ውስጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱንም እወቀው። ይቅር አትበለኝ ካልክም መብትህ ነው። ግን አሁንም ሰው እያየኝ ነው። ስጠኝ።»

አናክሌቶ አያት። ሞገዱ ታንኳውን ከፍ ዝቅ አደረገው። እሷም እጇን እንደዘረጋች ቆመች፤ እሱ ያን ቀን እንዴት እንደቆመ አሁን ገባት።

በመጨረሻ ሳፋውን ለቀቀላት።

አልደፋችውም። አፉን ወደ ሰማይ አድርጋ አናቷ ላይ አስቀመጠችውና ከውኃው ወጣች። ሸሚዟ ከገላዋ ተጣብቋል፣ ውኃ ከጉርዷ ይንጠባጠባል። በጓሮ አልሄደችም። በእንግዶቹ መሀል፣ በካሜራዎቹ ፊት፣ ባዶውን ሳፋ ተሸክማ ዳርቻውን ወጣች።

«ዜፌሪና! ምን ሆነሻል?» አለቃዋ መንገዷ ላይ ቆመ። «ይሄ ፕሮግራሙ ላይ የለም እኮ!»

«የለም» አለችው። «ሴኞር ቫልዴሚሮ፣ ፕራያ ሙንዴን ታውቂዋለሽ ወይ ብለውኝ ዋሽቼዎታለሁ። የተወለድኩት እዚህ ነው። ሳፋው ደግሞ የሚሸጥ አይደለም። ከሥራ የሚያባርሩኝ ከሆነ ከምሳ በኋላ ያባርሩኝ፤ እንግዶቹ ርቧቸዋል።»

ሴኞር ቫልዴሚሮ፣ ያ አፈኛ ሰውዬ፣ ወደ ጎን ብሎ መንገዱን ለቀቀላት።

አናክሌቶ መቅዘፊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከኋላዋ መጣ። አልቀደማትም፣ አልራቃትም። ሴቶቹ በዓይናቸው ይከተሏታል። ጉንጯ ይነዳል፤ ሐፍረቱ ገና አልለቀቃትም፤ ግን ቀና ብላ ነው የምትሄደው፤ ሳፋ አናቱ ላይ ያለ ሰው አንገቱን መድፋት አይችልም።

ጁስቲና በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ለጎረቤቶቿ ጮክ ብላ ተናገረች። ሴቶቹ በአንድነት ሳቁ፤ አንዷ አጨበጨበች፣ ሁሉም ተከተሏት።

«ምን አሉ?» አለ ሴኞር ቫልዴሚሮ።

አናክሌቶ አልመለሰለትም። ዜፌሪናን ጠበቀ።

ዜፌሪና ሳፋውን በአንድ እጇ ደግፋ ዞር አለች።

«አካሄዷን እዩት፣ ቁርጥ እናቷን ነው የሚሉት» አለች።