በምላስ የሚፈተን ድንጋይ

የጌጣጌጥ ኤግዚቢሽኑ በር ለገዢዎች ሊከፈት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ የከበሩ ድንጋዮች ሻጩ ሽማግሌ በመደባቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ሻይ አቅርባላቸው ወደ መግቢያው ደርሳ የተመለሰችው ልጃቸው ናት።

መርማሪዋ ስትደርስ አዳራሹ ተቆልፏል። የመስታወት ሣጥኖቹን መብራት ያጠፋ ሰው ስላልነበረ ወርቁ ለባዶ አዳራሽ ያበራል።

«ሻዩን ያፈላችውም ያቀረበችውም እሷ ናት» አለ ፖሊሱ።

ልጅቷ እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ጨምቃ ተቀምጣለች። «ያስሩኛል?»

«ገና ምንም አልጠየቅኩሽም።»

«ማሰሩን ይሰሩኝ። ግን አባቴን ሳልቀብር አይሁን።»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ስኒው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ጠርዙ አልረጠበም። ጠረጴዛው ላይ አንድ የድንጋይ መጠቅለያ ወረቀት ተከፍቷል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ማጉያ መነጽሩና ወረንጦው ከማኅደራቸው አልወጡም። ከወንበሩ እግር ሥር ሽምብራ የምታክል አረንጓዴ ድንጋይ አገኘች፤ በመሐረብ አንስታ ለሐኪሙ ሰጠችው።

ሐኪሙ ብዙ አልቆየም፤ መርማሪዋን ወደ ጎን ጠርቶ ነገራት። «መርዝ ተቀብቷል። ወርቅ ቀቢዎች የሚሠሩበት ዓይነት ነው።»

የጎረቤት መደብ ባለቤት የሆነው ወርቅ ሠሪ፣ መርማሪዋ ለብቻው ስለ መርዙ ስትጠይቀው ላብ አጠመቀው። «እህቴ፣ እኔ መርዙን ወርክሾፔ ትቼ ነው የመጣሁት። እዚያ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ይገባል። ሟቹና ወንድማቸውማ እንደ ቤታቸው ነው።»

«ከሟቹ ጋር ትስማማላችሁ?»

«ስንተራረብ ነበር የምንውለው። ‹መዳቡን ቀንስለት› ይሉኛል፤ ‹እርስዎም ብርጭቆዎን እንዳይሰብሩ› እላለሁ። ትናንት ማምሻውን ግን ቀልዱ ጠፋ። አንዲት ገዢ ‹ከእናንተ የገዛሁት ብርጭቆ ነው› ብላ አንድ ድንጋይ መለሰችላቸው። ‹ጠዋት ደግሜ ሳልፈትነው ሰው አልከስም፤ ከዚያ ለአዘጋጆቹ እነግራለሁ› አሉኝ። እዚህ ቤት ስሙ አንዴ የጠፋ ሰው ዳግመኛ መደብ አያገኝም።»

የሟቹ ወንድም፣ የንግዱም ሸሪክ፣ የልጅቷን ትከሻ አቅፈው ያለቅሳሉ። ዓይናቸው ግን ወለሉን ይዳስሳል።

«ወንድሜ ሻይ ሳይጠጣ ድንጋይ አይነካም ነበር» አሉ። «ጠጥቶት ነው የሞተው። እሷ ግን ክፉ ልብ የላትም፤ ምናልባት ስኒው...»

«ብርጭቆን ከድንጋይ በምን ይለያሉ?»

«በዚህ መብራት አይመኑ። እዚህ ሥር ብርጭቆም ንጉሥ ነው። ብልህ ገዢ መጀመሪያ ዞሮ ያያል፣ ድንጋዩን ወደ መስኮት ይወስዳል።»

መርማሪዋ ልጅቷን ለብቻዋ ወሰደቻት። «አባትሽስ?»

«በምላሱ ጫፍ። ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ብርጭቆ ቶሎ ይሞቃል። አያቴ ነው አባባንና አጎቴን ያስተማራቸው፤ አባባ ደግሞ እኔን። ለዚህ ነው ሻዩን ከፈተነ በኋላ የሚጠጣው። ትኩስ ምላስ ብርዱን አይለይም።»

«ትናንት መደቡን ለሌላ ሰው ትታችሁ ነበር?»

«ለምሳ ስንወጣ አጎቴ ነበር የሚሸጠው።»

መርማሪዋ ልጅቷን፣ አጎቷንና ወርቅ ሠሪውን ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ነጭ ወረቀት ዘርግታ አንዲት አረንጓዴ ድንጋይ አኖረችበት።

«ከወንበሩ ሥር አረንጓዴ ድንጋይ ተገኝቷል። ልጄ፣ እውነተኛ ነው ወይስ ብርጭቆ?»

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። ድንጋዩን አንስታ፣ አባቷ እንዳስለመዷት፣ ወደ አፏ ወሰደችው።

አጎቷ እጇን አፈፍ አድርገው ያዙት። ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ ነጥሮ ቆመ።

«ያኛው ሐኪሙ ዘንድ ነው» አለች መርማሪዋ። «ይህ ከመደባችሁ ሣጥን የወጣ ንጹሕ ድንጋይ ነው። ስለ መርዙ ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለእርስዎም አልነገርኩም። ታዲያ ምን አስፈራዎት?»

አጎትየው የልጅቷን እጅ ለቀቁ።

«ሻዩ አልተነካም። እርስዎ ግን ጠጥቶት ነው የሞተው አሉኝ፤ በዚያ ላይ ልማዳቸውን ገለበጡት። ስለ ብርጭቆ ስጠይቅዎ መብራቱንም መስኮቱንም ነገሩኝ፤ የአባትዎን ትምህርት ዘለሉት። ሲያለቅሱ ወለሉ ላይ የሚፈልጉት ያንን ድንጋይ ነበር። ትናንት ብርጭቆውን የሸጡት እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ ጠዋት በምላሳቸው ደግመው እንደሚፈትኑት ያውቁ ነበር፤ የሣጥኑም ቁልፍ እጅዎ ላይ ነው፤ መርዙ ያለበት ወርክሾፕም እንደ ቤትዎ ይገባሉ። ይህቺ ልጅ እንድትጠረጠር ፈቀዱ። ስትሞት ለማየት ግን አልቻሉም።»

ወርቅ ሠሪው ወንበሩን ከአጠገባቸው አራቀ።

«አንድ ቀን ብቻ ዝም ቢልልኝ ኖሮ» አሉ አጎትየው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ቀብሩ ላይ ልቁም?»

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ድንጋዩን አነሳች፤ ከምላሷ ጫፍ ላይ አኖረችው።

«ይቀዘቅዛል» አለች ለመርማሪዋ። ድንጋዩን በነጩ ወረቀት ጠቅልላ፣ እንደ አባቷ አምስት ጊዜ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «አሁን ልሂድ?»

«ሂጂ ልጄ። አባትሽ እየጠበቁሽ ነው።»