ለመጠን የቆመችው

ሪሃና የሞተችው ፎቶ ስትነሳ ነው። ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ከሪያድ ወጣ ብሎ ካለው የጡዌቅ ገደል አፋፍ፣ ፊቷን ወደ ሦስት ካሜራዎች አዙራ ፈገግ እንዳለች ወደ ኋላ ተራመደች፤ መሬቱ አለቀባት። ከታች ሲያነሷት ቀዩ ሻሽ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር። ሻሹን ያስጠመጠማት የፎቶ አስተማሪው ነው። በቡናማ ድንጋይ መሃል ቀይ ነገር ዐይን ይስባል ብሎ።

ወንድሟ ሸምሰዲን አስከሬኗን ለይቶ ከተመለሰ በኋላ ባዲዓ ሰፈር ካለው ቤቱ ሆኖ ወይዘሮ ዘምዘምን አስጠራ። ዘምዘም ደሴ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ሪያድ ከመጣች ወዲህ አንድ የሕግ ቢሮ ውስጥ የሞቱና የታሰሩ ወገኖችን ጉዳይ ትከታተላለች። ሰው ሲያለቅስ አብራ አታለቅስም፤ ዝም ብላ ታያለች። ብዙ ሰው በዚህ ይቀየማታል፤ እሷ ግን ግድ የላትም።

«እትዬ ዘምዘም፣ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጋ ቀርቤ ቃል እሰጣለሁ» አላት ሸምሰዲን። «የኑርያን ስም እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት አንቺ እይልኝ።»

«ኑርያ ማን ናት?»

«የእህቴ ጓደኛ ነበረች። ከካፊሏ፣ ከአሠሪዋ ጠፍታ የምትኖር፣ ሁሩብ፣ ኮብላይ ተብላ የተመዘገበች። ዓርብ ጠዋት ተጣልተዋል። ሌሎቹ የዐስር ሶላት ሲሰግዱ እሷ አልሰገደችም፣ እቃው ጋ ብቻዋን ቀረች። ድንጋዩ የተነሳው ያኔ ነው። ለምን አልሰገድሽም ስላት መሬት መሬት ታያለች።»

«ድንጋዩ ምንድን ነው?»

ሸምሰዲን የሚያውቀውን ነገራት። ፋሪስ የሚባል ልጅ በየዓርቡ ለጀማሪዎች የመልክዓ ምድር ፎቶ ያስተምራል። ገደል ብቻውን ቢነሳ ትልቅነቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ለመጠን ይቆምበታል። ፋሪስ ከአፋፉ ብዙ ገባ አድርጎ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ አስቀምጧል። ለመጠን የሚቆመው ሰው አንዴ ዞር ብሎ ድንጋዩን ያያል፣ ከዚያ የፋሪስን እጅ እያየ የኋሊት ይሄዳል፣ ድንጋዩ ከጎኑ ሲደርስ ይቆማል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። ዓርብ ዕለት ግን ድንጋዩ የተገኘው እንደ ምላስ ወደ ገደሉ በወጣች ጠባብ አለት ላይ ነው፤ ከጎኑ መቆሚያ የለም።

«ዞር ስትል ገደሉን አላየችውም?»

«ፀሐይዋ በዚያ በኩል ነበረች። የሚታይሽ ነጩ ድንጋይ ብቻ ነው።»

ዘምዘም ተነሳች። «ዛሬ ዐስር ከተሰገደ በኋላ ሁሉንም እዚሁ ሰብስብልኝ። ኑርያንም። እስከዚያ አንድም ቃል እንዳትናገራት።»

«ሪሃናን ላጥባት ብላ ለምናኛለች። እምቢ ብያታለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም» አለችውና ወጣች።

ፋሪስን ሱለይማኒያ ውስጥ ከሚሠራበት የሠርግ ፎቶ ቤት አገኘችው። ሪያድ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ዐረብኛ ዐረብኛ የሚል መልከ መልካም ልጅ ነው። ዐይኑ አብጧል።

«ወላሂ ኻላ፣ እኔ እጄን ብቻ ነው ያሳየሁት። ፀሐይ ዐይኔ ውስጥ ናት። ካሜራም ሆነ ዐይን በዚያ ብርሃን ሩቁንና ቅርቡን አይለይም።»

«ለጀማሪ መጀመሪያ የምታስተምረው ምንድን ነው?»

ጥያቄው ገርሞት ቀና አለ። «መሃል ላይ አትትከሉ እላለሁ። ስክሪኑ ላይ መስመሮች አሉ፤ ሁለት ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ጎን። ሰውዬውን መስመሮቹ ከሚገናኙበት ላይ አድርግ። አድማሱ ቀጥ ይበል። ከፊት ደግሞ የሆነ ነገር ይኑር፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ ዐይን ከእሱ ተነስቶ ወደ ውስጥ እንዲገባ። ከዚያ ፍሬምህን ቆልፍና ብርሃኑን ጠብቅ። የካሜራው ማቆሚያ አንዴ ከተተከለ እስክንሄድ አይነካም።»

«ዓርብም አልተነካም?»

«ከእኔ ጋር ማን ይነካል? እየዞርኩ አያለሁ።»

«ትምህርቱ የማይገባውንስ ምን ታደርገዋለህ?»

«እስቅበታለሁ» አለ ሳያፍር። «ኑርያ ሪሃናን ብቻ ነው የምታነሳው። ፍሬሙ በሙሉ ሪሃና። ገደሉ የታለ እላታለሁ። ሳዳም ደግሞ ሁልጊዜ መሃል። የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ፎቶ አንሺ ብዬ ስም አወጣሁለት። በሰው ፊት ነው የምጠራው፣ እንዲማር።»

«ተማረ?»

«ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነበር። ከሦስታችሁ አንድ ምስል ብቻ ለኤግዚቢሽን ይመረጣል ብያቸው ነበር። ሳዳምን ገና ስንጀምር አንተ ባትደክም ይሻላል አልኩት። ስቀልድ ነው።»

ዘምዘም የፋሪስን ምስሎች ተቀብላ ወደ ዐዚዚያ ሰፈር ሄደች። ሳዳም የመኪና ጋራዥ ውስጥ ከተከፈተ ሞተር ፊት ቆሞ አገኘችው። የሪሃናን ስም ሲሰማ ገና ማልቀስ ጀመረ።

«እህቴ ማለት ነበረች፣ እትዬ። ምግብ ይዛልኝ ትመጣ ነበር።»

«ሶላት ላይ የት ነበርክ?»

«ከመኪናው ጀርባ ነው የሰገድነው፣ ነፋስ ስለነበር። እኔ ትንሽ ዘገየሁ፤ ለውዱእ ውሃ ፍለጋ። ደርሼ ከፋሪስ ጎን ቆምኩ። ሪሃና ከኋላችን ነበረች።»

«ከዚያ ገደሉ ይታያል?»

«አይታይም።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሰው ላይ መናገር አልፈልግም። ግን ኑርያ ብቻዋን ነበረች። አላህ ያውቃል።»

«አንተ የምታውቀውን ንገረኝ፤ አላህ የሚያውቀውን እሱ ይንገረኝ። ምስሎችህን ላክልኝ።»

ወዲያው ላከላት። ከሶላት በፊት አንድ፣ ከሶላት በኋላ አንድ። ሁለተኛው ላይ ሪሃና ከነጩ ድንጋይ ፊት ቆማለች፣ እንደ ኢቃማ ፎቶ ልክ መሃል ላይ። ዘምዘም ጋራዡ በር ላይ ቆማ ስልኳን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየች። የምታየው ግን ሪሃናን አልነበረም።

ኑርያ የተደበቀችው እዚያው ባዲዓ፣ ከሸምሰዲን ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በሩን የከፈተችው ዘምዘም የራሷን ስም ደጋግማ ከነገረቻት በኋላ ነበር።

«ለምን አልሰገድሽም?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች።

«የወር አበባሽ ነበር?»

ኑርያ በጭንቅላቷ አዎ አለች። ማንም ሴት በቅጽበት የምትገምተውን ነገር አንድም ወንድ አላሰበውም፤ እሷም ከወንዶች ፊት አፍ አውጥታ ከምትናገረው ገዳይ መባልን መርጣለች። ዘምዘም በዚህ ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን ለራሷም አልለየላትም።

«እቃው ጋ አልነበርኩም፣ እትዬ። ሆዴን ቆርጦኝ ጥላ ሥር ፊቴን በአባያዬ ሸፍኜ ተኝቼ ነበር። ማንንም አላየሁም።»

«ጠቡስ?»

«ለፖሊስ እጅሽን ስጪና አገርሽ ግቢ፣ እናትሽ ጋ ሂጂ አለችኝ። አንቺ ማዳምሽ ቤት ስለተመቸሽ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ደህና ነገር ሳንነጋገር ሞተች።» ዐይኗን ጠረገች። «ፖሊሱን እችለዋለሁ። ላጥባት ብቻ ፍቀዱልኝ። እዚህ ያለኋት ሴት እኔ ብቻ ነኝ።»

ዘምዘም ምስሎቿን ተቀብላት ወጣች።

ከዐስር በኋላ ሁሉም ሸምሰዲን ቤት ተሰበሰቡ። ፋሪስ መስኮቱ ሥር፣ ሳዳም ካሜራውን ታቅፎ ምንጣፉ ላይ፣ ኑርያ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሸምሰዲን እሷን ላለማየት ጀርባውን ሰጥቷል። ዘምዘም ምስሎቹን በትልቁ አሳትማ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። በእጇ የልብስ ስፌት ጥቁር ክር ይዛለች።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አለች። «ከሶላት በፊት ነጩ ድንጋይ በድሮ ቦታው ነው፤ ይኸው። ከሶላት በኋላ እንደ ምላስ በወጣችው አለት ላይ ነው፤ ይኸው። የካሜራ ማቆሚያዎቹ አልተነኩም። ስለዚህ የሄደው ድንጋዩ እንጂ ፍሬሙ አይደለም። እስከዚህ የሚከራከር አለ?»

ፋሪስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ሁላችሁም ሪሃናን የጠላ ማን ነው ብላችሁ ጠየቃችሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ፋሪስ ትምህርቱን አስተማረኝ። እኔ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ድንጋዩ እዚያ ሲሄድ የማን ምስል አማረ?»

ክሩን በኑርያ ምስል ላይ ዘረጋች፤ ሁለት ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ጎን። «የኑርያ ፍሬም ጠባብ ነው። የቆለፈችው ሪሃና ሁልጊዜ የምትቆምበት ላይ ነው። አዲሱ ቦታ ከፍሬሙ ውጪ ነው። ድንጋዩን እሷ ከወሰደችው ጓደኛዋን ከገዛ ምስሏ አስወጣች ማለት ነው። ከሦስት ወር ጀምሮ እየተሳቀባት እንኳ ያላደረገችውን።»

ሸምሰዲን ቀስ ብሎ ዞረ።

«ፋሪስ፣ ያንተ ፍሬም ከፊት ለፊቱ ትልቅ ቋጥኝ አለው። አዲሱ ቦታ ቋጥኙ ጀርባ ተሸሽጓል፣ የሚታየው ራሷ ብቻ ነው። አንተ ብትሆን እንዲህ ታበላሸዋለህ?»

«በፍጹም» አለ ፋሪስ።

«የቀረው የሳዳም ነው።»

«የእኔ መሃል ነው» አለ ሳዳም ቶሎ ብሎ። «እንደ ልማዴ። እዩት። ምንም አላማረም።»

«እውነትህን ነው፤ መሃል ነው። ግን ከቀኝ በኩል ያለችውን ቁጥቋጦ እዩልኝ። ከሶላት በፊት ባለው ምስል ሙሉ ናት። ከሶላት በኋላ ግማሿ የለም። ማቆሚያው ካልተነካ ቁጥቋጦዋን ምን በላት?»

ፋሪስ ተነስቶ ተጠጋ። ሁለቱን ምስሎች አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ተቆርጧል» አለ። «ከቀኝ በኩል ምስሉ ተቆርጧል።»

«ከቀኝ ከተቆረጠ በግራ የነበረ ነገር መሃል ይመጣል። ሳዳም ከሶላት በኋላ ያነሳውን ቆርጦ እንደ ድሮ ስህተቱ አስመስሎ ላከልኝ። በመጥፎነቱ የሚታወቅ ሰው በመጥፎነቱ ውስጥ ቢደበቅ ማን ይጠረጥረዋል?» እጇን ዘረጋች። «የካሜራህን ካርድ ስጠኝ።»

«ጠፍቷል። አጥፍቼዋለሁ።»

«አላጠፋኸውም። አንዴ የተሳካልህን ምስል አታጠፋም።»

ሳዳም ካሜራውን ይበልጥ አቀፈ። ሸምሰዲን ከእጁ ነጠቀውና ለዘምዘም አቀበላት። እሷም ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታ ሙሉውን ምስል ከፈተች፤ ክሩን በስክሪኑ ላይ ዘረጋችበት። ሪሃና፣ ቀዩ ሻሽ፣ ነጩ ድንጋይ፣ በግራ በኩል መስመሮቹ ከሚገናኙበት ላይ ልክ ዐርፈዋል። አድማሱ ቀጥ ብሏል። ቁጥቋጦዋም ሙሉ ናት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ምስሉ ቆንጆ መሆኑን አዩ፤ ስላዩም ራሳቸውን ጠሉ።

«ውሃ ፍለጋ ያልከው ያን ጊዜ ነው» አለች ዘምዘም። «ስክሪኑን አየህ፣ የሚያምረውን ቦታ መረጥክ፣ ድንጋዩን ወስደህ አለቷ ላይ አስቀመጥክ። ለማስቀመጥ እዚያ ቁጢጥ ብለሃል። በሁለቱም በኩል ገደል እንደሆነ ዐይተሃል። አላወቅኩም እንዳትለኝ።»

ከዚያ ቀጣዮቹን ምስሎች አሳለፈች። ሪሃና አንድ እግሯ ወደ ኋላ ሲሄድ። እጇ ሲነሳ። ሻሹ ወደ ላይ ሲበር። ከዚያ ድንጋዩ ብቻ። «ኑርያ አንድ ጊዜ አንስታ እየጮኸች ሮጠች። ፋሪስም አንድ። ያንተ ጣት ግን አልተነሳም።»

ሸምሰዲን ድምፅ አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ።

«እንድትሞት አልነበረም» አለ ሳዳም። ማልቀሱን ትቷል። «ስትደርስ ታየዋለች ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ ቦታው ገባች፤ ልክ መስመሩ ላይ። ልጣራ አፌን ከፍቼ ነበር። ብጣራ ዘላ ትወጣለች፣ ምስሉ ይበላሻል። ትንሽ ልቆይ አልኩ።»

ሳዳም ወደ ፋሪስ ዞረ።

«ፋሪስ፣ አሁንስ መሃል ናት?»

ፋሪስ ስክሪኑን ማየት አልፈለገም፤ ግን አየ። ይህ ምስል የመጣው ለወራት ከሳቀበት ልጅ እንደሆነ እያወቀ አየ።

«አይደለችም» አለ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሳዳም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የጠበቀውን መልስ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

ዘምዘም ክሩን እየጠቀለለች «ፖሊስ ጠርቻለሁ፣ እየደረሱ ነው» አለች። «ኑርያ፣ ጫማሽን አድርጊና ውጪ። ያንቺ ምስክርነት አያስፈልገኝም፤ ምስሎቹ ይበቁኛል።»

ኑርያ ተነሳች። ሸምሰዲን ከበሩ ላይ ደረሰባት። «እህቴ፣ አውፍ በይኝ። ነገ ሪሃናን አንቺ እጠቢያት።»

«አስከሬን ማጠቢያው በር ላይ ኢቃማ ይጠይቃሉ፣ ወንድሜ» አለችው።

ይህን አላሰበበትም ነበር። ሊያስይዛት ሲነሳ ኢቃማ እንደሌላት አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሊክሳት ሲፈልግ ግን ረሳው። ወደ ዘምዘም ዞሮ በዐይኑ ለመናት። ዘምዘም ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ለዚህ የሚሆን ብልሃት የላትም፤ እንዳላት ማስመሰልም አትወድም።

ኑርያ ግድግዳው ጋ ተመልሳ ራሷ ያነሳችውን አንድ ምስል ገንጥላ አወረደች። አድማሱ የተጣመመ፣ ገደሉ የማይታይበት፣ ሪሃና መሃል ላይ ተተክላ የምትስቅበት ምስል ነው። አጥፋ አባያዋ ውስጥ ከተተችውና ደረጃውን ወረደች። የፖሊሶቹ መኪና በር ሲዘጋ እሷ መንገዱን ተሻግራ ነበር።

በማግስቱ ሪሃናን ያጠበቻት የማታውቃት ሴት ናት።