ስለ ውሻ የማነጋግረው ሰው አለ

ሽማግሌው የተገኙት በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ደም የነካው የወረቀት መጫኛ ብረት ከወንበራቸው ሥር ወድቋል። ከበሩ ውጪ፣ በርጩማ ላይ፣ አፉ የተከደነ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አውልቆ በልቡ «ነፍስ ይማር» አለና ብርጭቆውን በጣቱ ጀርባ ነካ አደረገው። ከሚጠይቀው የሚያዳምጠው ስለሚበዛ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል።

ቤቱ ከላይ የሽማግሌው የሥራ ክፍል፣ ከታች አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁት የእንግሊዞችን የጨዋታ አባባል ሰብስቦ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ ነበር፤ «አባ ፍቺ» የተባሉትም ለዚሁ ነው። በዕለቱ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ወጥ ቤት ሴት ልጃቸው፣ ማሽኑ ላይ ማሽኒስቱ፣ በመግቢያው ክፍል ደግሞ አራሚው።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን አውጥቶ ይዟል። «ነገሩ ያለቀ ነው አለቃ። ጠዋት ከአባቷ ጋር ስትጯጯህ ማሽኒስቱ ሰምቷታል። ወንዶቹ ለምሳ ሲወጡ ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ፤ አራሚው አነጋግሯቸዋል። ሲመለሱ ሞተዋል። ቤት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ልውሰዳት?»

«ካቴናው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ላዳምጥ።»

ልጅቱ የወጥ ቤቱን ፎጣ በእጇ እየጠመዘዘች ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ይቅርብዎት።»

«እህቴ፣ ይሄ ዝምታሽ እጅሽን ካቴና ውስጥ ነው የሚከተው።»

«የሰው ገመና ነው። የራሴ ቢሆን እነግርዎት ነበር።»

«እሺ። ሻዩንስ መቼ ወሰድሽላቸው?»

«ረፋዱ ላይ። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ማሽኑም ይጮሃል። እንደልማዴ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩለት። ወዲያው ወጥቶ ይወስደዋል፤ አባዬ የቀዘቀዘ ሻይ ጠላቱ ነው።»

አራሚው ቀይ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ኮቱን ቆልፎ ጠበቀው። ንግግሩም እንደ ኮቱ የተቆለፈ ነው።

«ለምሳ ልንወጣ ስንል ጋሼ ከክፍላቸው ወጥተው ደረጃው አናት ላይ ቆሙ። ‹አብረን አንሄድም ወይ?› አልኳቸው። ‹እናንተ ሂዱ፣ እኔ ስለ ውሻ የማነጋግረው ሰው አለ› ብለው ስቀው ተመልሰው ገቡ። ማሽኒስቱ ጓሮ እጁን ይታጠብ ስለነበር አላያቸውም።»

«ውሻ ነበራቸው እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ የእንግሊዞች አባባል ነው። ውሻ የሚነግድ ሰው ቀጠሮ አለኝ ሲል የሚለው ነው።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወደ ማሽኒስቱ አለፈ። ሰውየው እጁን በቡትቶ ይጠርጋል፤ ቀለሙ ግን አይለቅም።

«የውሻ ነጋዴ?» አለ ማሽኒስቱ። «ማነው ያለዎት? የሚሄድበትን መናገር የማይፈልግ ሰው ብድግ ሲል የሚላት ናት። ሽንት ቤትም ይሁን፣ መጠጥ ቤትም ይሁን፣ ‹አትጠይቁኝ› ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጋሼ በሷ ጨርሰውናል።»

«ዛሬም ብለዋት ነበር?»

«ዛሬማ ዶሮ ላይ ናቸው። ገና ከበሩ ስገባ ‹በሰዓቱ የሚመጣ ማሽኒስት እንደ ዶሮ ጥርስ ነው› አሉኝ። ዶሮ ጥርስ አላት? የላትም። ፈልገው የማያገኙትን ነገር እንዲያ ይሉታል አሉ እንግሊዞች።» ሳቅ አለና ወዲያው አፈረ። «ጋሼ አንድ አባባል ሲሠሩ በአፋቸው ይዘውት ይሰነብታሉ፤ እኛ ላይ ነው የሚሞክሩት። ፍቺውን ጽፈው ከዘጉት ግን አለቀ፣ ሌላ ይይዛሉ። የተዘጋውን ቢለምኗቸው አይደግሙትም። ‹እንቅልፉን ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት› ነው የሚሉት።»

«አራሚው ስለ ዶሮዋ ሰምቷል?»

«እሱ ዛሬ አረፈደ። ሲመጣ ጋሼ ወደ ላይ ወጥተዋል፣ እኔም ማሽኑን አስነስቻለሁ። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ የሰማይ መለከት ቢነፋ አንሰማማም።»

ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰባቸው። ሃምሳ አለቃው ከልጅቱ ጎን ቆመ።

«ያ ሻይ ነው ያልተዋጠልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ረፋዱ ላይ በር ድረስ መጣላቸው። አራሚው እንደሚለው በምሳ ሰዓት ከክፍላቸው ወጥተው ደረጃው ላይ ስቀዋል። በርጩማውን አልፈው መሆኑ ነው። የቀዘቀዘ ሻይ የሚጠሉ ሰው አላነሱትም፣ ‹ሌላ አምጡልኝ› ብለውም አልተጣሩም።»

«ሰው ይረሳል» አለ አራሚው።

«ይረሳል። አባባሉስ? የሚሄድ ሰው ለሚቀሩት የሚለው ነው። እሳቸው ግን ሊቀሩ፣ እናንተ ልትሄዱ። የቃል አጠቃቀም ሲመረምሩ ያረጁ ሰው እንዴት ገልብጠው ይናገሩታል?»

«ሲቀልዱ ነዋ!»

«ዛሬ ሲቀልዱማ በዶሮ ነበር የሚቀልዱት። የውሻውን ትናንት ዘግተውታል፤ ዛሬ ከበሩ ጀምሮ ቀልዳቸው በዶሮ ነው። አንተ ግን አርፍደህ መጣህ፣ ዶሮዋን አልሰማህም። በምሳ ሰዓት ያላናገረህን ሰው አናገረኝ ማለት ሲያስፈልግህ፣ የምታውቀውን የትናንቱን ቃል አፋቸው ላይ አደረግህ። ያን ጊዜ እሳቸው ሞተዋል። ሻዩ መጥቶ በሩ ሲንኳኳም መልስ የጠፋው ለዚሁ ነው።»

ማሽኒስቱ ቡትቶውን ጣለ። አራሚው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ደጋግሞ ያየው ጀመር።

«ጠዋት የተጯጯህነው በሱ ነው» አለች ልጅቱ፣ ማንንም ሳታይ። «የውሻውን ፍቺ እንዲጽፍ የተሰጠው እሱ ነበር። መጠየቅ አፈረና የውሻ ነጋዴ የሚል ከራሱ ፈጠረ። አባዬ ትናንት የታተመውን ሲያይ አበደ፤ ራሱ አስተካክሎ ጽፎ ዘጋው። ‹ነገ አባርረዋለሁ› አለ። እኔ ነኝ ‹ልጆች አሉት፣ አታዋርደው› ብዬ የጮህኩበት።» ወደ አራሚው ዞረች። «ለፖሊስ ያልነገርኩትም ያንተን ነውር ላለማውጣት ነው፤ አንተ ግን እኔን አሳልፈህ ሰጠህ።»

አራሚው ቀና አላለም። «ገና ኮቴን ሳላወልቅ ከደረጃው አናት በእጃቸው ጠሩኝ። ገጹን ፊቴ ላይ ወረወሩት። ‹ስምህን ከመጽሐፉ አነሳዋለሁ› አሉኝ። ፀጉሬን ያስሸበትኩበት መጽሐፍ ነው። ብረቱ እጄ ላይ እንዴት እንደገባ አላውቅም።»

«መጀመሪያ ይቆጣል» አለችው ልጅቱ። « ይሄን ያህል ኖረህ አታውቀውም? ተቆጥቶ ሲያበቃ ነው ዋናውን ነገር የሚናገረው። ይቅር ብሎህ ነበር እኮ። ‹በቃ ይቆይልሽ› አለኝ፣ ‹እርማት ላይ እንደሱ ያለ ሰው እንደ ዶሮ ጥርስ ነው›።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ይዞ ወደ አራሚው ዞረ። አራሚው እጁን ዘረጋለት፤ ዓይኑ ግን ልጅቱ ላይ ቀርቷል።

«የዶሮ ጥርስ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ምን ማለት ነው?»